ትናንት ማን ሊጠይቅህ መጣ?

ከታመምኩ ወዲህ ያልመከረኝ ሰው የለም። ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ ያለኝ አለ፤ ስልክህን ትራስህ ሥር አታስቀምጥ ያለኝ አለ፤ ሚስት ባገባ ራስ ምታቱ ብን ብሎ እንደሚጠፋ የማለልኝም አለ። ሁሉንም እሺ ብዬ ሰማሁ። አሁን ተራው የእኔ ነውና እኔም ልምከር። የምጽፈው ራሱን የተመታ ልጅ ላላችሁ፣ በሽተኛ ለምታስታምሙ፣ ይልቁንም ሐኪም ፊት ከበሽተኛው ቀድማችሁ መልስ ለምትሰጡ ነው። እኔን መጀመሪያ የጣለኝ ጨዋታ ነው። ሁለተኛ የጣለኝ ግን የሚወዱኝ ሰዎች ርኅራኄ ነው፤ ሁለቱንም በተራ እነግራችኋለሁ።

ብሩክ እባላለሁ። ለንደን የመጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ቀድሞ በስደት የገባው አባቴ እናቴን፣ ታላቅ እህቴን ሕይወትንና እኔን ባስመጣን ጊዜ ነው። ኬንቲሽ ታውን የካውንስል ቤት፣ እንደ አገራችን የቀበሌ ቤት ያለ፣ ሰጡን፤ ዛሬም እዚያው ነን። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እንደ ማንኛውም ሐበሻ አባት ልጁን ኳስ ተጫዋች ሊያደርግ ተመኝቶ ነበር፤ የእኔ እግር ግን ከኳሱ በቀር ያገኘውን ሁሉ ይመታል። ሩጫ ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም።

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት ክለብ ጋ ይዞኝ ሄደ። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሠልጣኛችን ዴሪክ የሚባል ቁም ሣጥን የሚያክል ጃማይካዊ ነው፤ አንድ ጊዜ ስሮጥ አይቶኝ "አንተ ራኒንግ ባክ ነህ" አለኝ። የራኒንግ ባክ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ኳሷን ሆድህ ላይ ያስታቅፉሃል፤ አንተ ሊጥሉህ በተሰለፉ ግዙፍ ሰዎች መካከል ቀዳዳ ፈልገህ ትሮጣለህ። ቀዳዳ ካጣህ በራስህ ትከፍታለህ። በራስህ ስል በጭንቅላትህ ማለቴ ነው።

ጉራ ካልሆነብኝ፣ ጥሩ ነበርኩ። ከዓመት ዓመት የሊጉ ምርጥ ሯጭ እባል ነበር። አሜሪካ ቢሆን በሚሊዮን ይከፈለኝ ነበር ይሉኛል፤ እዚህ ማልያችንን የምንገዛው ከኪሳችን ነው፣ ሜዳውን የምናጸዳውም ራሳችን። ቢሆንም ስሜ ወጣ። የሰፈራችን ሐበሻ ፀጉር ቆራጭ ፎቶዬን በትልቁ አሳጥቦ ከመስተዋቱ በላይ፣ ከታወቁት የማራቶን ሯጮቻችን ጎን ሰቀለው። "ለአገሩ ባይሮጥም ሮጧል" ይል ነበር ለጠየቀው ሁሉ። ኋላም ከጀርመን አንድ ክለብ ደመወዝ ከፍሎ ሊያጫውተኝ ጠራኝ፤ በጸደይ ልሄድ ተስማማሁ።

አባቴ ሺፍት በሌለው ቀን ሁሉ ሜዳ ይመጣል። ጨዋታው እስከ መጨረሻው አልገባውም። "በእጅ እየያዛችሁ ፉትቦል የምትሉት ምኑን ነው?" ይላል። ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከመስመሩ ጀርባ ቆሞ ብርቱካን እየላጠ ይበላል። እኔ ከሥር፣ አምስት ስድስት ሰው ከላይ ስንከመር ግን ብርቱካኑን ያቆማል። ጨዋታው ሲያልቅ ሄልሜቴን አውልቆ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይይዝና ወዲያና ወዲህ እያዞረ ያየኛል።

"አለህ?" ይለኛል።

"አለሁ" እለዋለሁ።

ከዚያ ከእነማን ጋር እንደ ተጣላሁ እየጠየቀ ይስቅብኛል፤ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን።

የተመታሁ ዕለት ዝናብ ነበር። ኳሷን ይዤ ቀዳዳ ስገባ አንድ ተከላካይ ከጎኔ መጣና ሄልሜት ከሄልሜት ተጋጨን። አልወደቅሁም፣ ራሴንም አልሳትኩም። ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፤ እሱንም ከዝናቡ ቆጠርኩት። ሮጬ ነጥብ አስቆጠርኩ። አባቴ "አለህ?" አለ፤ "አለሁ" አልኩ፤ ያን ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ረሳሁት።

ራስ ምታቱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ያመኛል፤ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ጭንቅላቴ ውስጥ ውሃ የሚገላበጥ ይመስለኛል። ጂፒ ዘንድ፣ ማለትም የሰፈራችን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማይግሬን ነው ተባልኩና ክኒን ተሰጠኝ። አልተሻለኝም። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ሐኪም አገኘሁ፤ ሳይነስ ነው ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አዘዘልኝ። በሦስተኛው ያየችኝ ደግሞ ዐይን ዐይኔን እያየች ስለ እንቅልፌና ስለ ስሜቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ጭንቀት ነው አለች። ከጂፒው ተራ መጠበቂያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስለ ጉንፋንና ስለ ማጨስ የሚያስተምር ወረቀት ሁሉ በቃሌ ያዝኩት።

ሐኪሞቹን መውቀስ አልፈልግም። ስለ ጨዋታው የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁትም። ደብቄ አይደለም። በየሳምንቱ የሚመታ ሰው የትኛውን ምት ለይቶ ይናገራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ሳልደብቅም ያው ሆነብኝ። ልጃችሁ ኳስ ይሁን ቡጢ፣ ራሱን የሚያስመታ ነገር የሚጫወት ከሆነ፣ ባይጠየቅም ለሐኪሙ ይናገር። ወር ቢያልፈውም ይናገር።

ቤታችን ሌላ መላምት ነበረው። እናቴ ነገሩን የጀመረችው ከፀጉር ቤቱ ፎቶ ነው። "ልጄን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለዓይን ዳረጉት" አለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል አምጥታ ጠዋት ጠዋት ትረጨኝ ጀመር። አባቴ ሳቀባት። "ዓይን የሚበላ ቢሆን ኖሮ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በሕይወት አይኖርም። የዘገየሁበት ሁሉ ሲያፈጥብኝ ነው የሚውለው" አላት። ፀጉር ልቆረጥ ስሄድ ግን ፎቶዬ የለም። ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ፣ "አባትህ መጥቶ እባክህ አውርደው ብሎ ለመነኝ፤ ለእናትህ እንዳትነግራት ብሏል" አለኝ።

እኔም አመሌ ተለወጠ። ወጥ ላይ ጨው በዛ ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩ፤ በሕይወቴ ጮሄባት አላውቅም ነበር። ሕይወት፣ "ዝና ነው እንዲህ ያደረገህ?" ብላ አኮረፈችኝ። አመል መለወጥም የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ማናችንም አናውቅም ነበር። ሌሊት እነቃና ጀርመን ሄጄ መሮጥ አቅቶኝ ሲመልሱኝ እያሰብኩ ፈርቼ አነጋለሁ።

የምሠራው ኤድመንተን አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ነበር። አንድ ቀን ግራ እጄ መሪውን ለቀቀና መደርደሪያ ገጨሁ። አለቃዬ ተቆጥቶ ወደ ቤት ላከኝ። ወደ አውቶቡሱ ስሄድ አንዲት ቱርካዊት አሮጊት ከኋላዬ እየሮጠች ጠራችኝ፤ ዞሬ ሳይ የግራ እግሬን ጫማ ይዛለች። ወልቆ ወድቆ በካልሲዬ ስሄድ አላወቅሁም። አጎንብሳ ራሷ አጠለቀችልኝ። የሷ ጉልበት እያመማት የእኔን ጫማ አሰረች። ስሟን አላውቀውም፤ እግዜር ይስጣት።

ቤት ስደርስ ጃኬቴን ልቀይር ብዬ ግራ እጄ እጅጌውን አጣው። አባቴ ቆሞ አየኝ። የራሱን ቡናማ ጃኬት ለበሰ፣ እኔን አለበሰኝ፣ ይዞኝ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ሄድን።

ያን ተራ መጠበቂያ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ሕፃን ሳያቋርጥ ያስላል፤ አንድ የሰከረ ሰው እየዘፈነ አጠገቡ ያለችውን ሴት ይቅርታ ይጠይቃል፤ ስም በተጠራ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል። አባቴ ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ላጠና አንዳንዷን ክፍል እያነሳ እንደ ሕፃን አጎረሰኝ። ግራ እግሬ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ጎንበስ ብሎ በእጁ አሸልኝ።

"ጀርመን ብርድ ነው አሉ። ይሄን ጃኬት ይዘህ ትሄዳለህ" አለኝ።

"አባዬ፣ ይሄን ለብሼ ካዩኝ ከኤርፖርት ነው የሚመልሱኝ።"

"ይመልሱህ! እኔ ምን ገዶኝ።" ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ ጣልኩ። ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ስሜ ሲጠራ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና፣ "አለህ?" አለኝ።

"አለሁ።"

ስካን አነሱኝ። በራስ ቅሌና በአንጎሌ መካከል ደም ለብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ አንጎሌን ተጭኖታል አሉ። ያ የዝናቡ ቀን ምት ነው። የራስ ቅሌን በትንሹ በስተው ደሙን ሊያወጡ ወዲያው ወሰዱኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከሰው አፍ ለቃቅሜ ነው የምጽፈው፤ እኔ ያኔ ያላወቅሁትን እናንተ አሁኑኑ እወቁ።

አባቴ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ተርፏል ሲሉት ተንበርክኮ መሬት ሳመ፤ ነርሶቹ ወድቆ መስሏቸው ሮጡ። ቤት ሄዶ ተጣጥቦ ጥቂት ተኛ። በማግስቱ እኔን ሊጠይቅ ወጥቶ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሳለ ልቡ ቀጥ አለች። የሚጠብቀው አውቶቡስ እሱ ራሱ ለዓመታት የነዳው መስመር ነበር። አምቡላንስ ሲደርስ አልፏል።

ቤታችን ለቅሶ ሆነ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ እናቴን፣ "የልጁ ጭንቅላት ተከፍቶ እንዴት መርዶ ይነገረዋል? ይዳንና ይውጣ፤ ያኔ በወጉ እናረዳዋለን" አሏት። ሁሉም ተስማማ። በሽተኛ አልጋ ላይ መርዶ አይነገርም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። እናቴ ከለቅሶው ተነስታ ሆስፒታል ስትመጣ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አውልቃ ፊቷን ትታጠባለች፤ ሕይወት የራሷን ቀይ ሻሽ ታስርላታለች። አሠልጣኝ ዴሪክም ተነግሮት፣ ስለ ጨዋታ ብቻ እያወራ ላብ ሲያጠምቀው ይቆይና ይወጣል።

"እማዬ፣ ዘንጠሻል" አልኳት አሉ አንድ ቀን፣ ሻሹን አይቼ።

"አንተ ስለ ተረፍክልኝ ነው" አለችና ሳቀች። ይህን የነገረችኝ ሕይወት ናት፤ እናቴ ስለ ሻሹ እስከ ዛሬ አታወራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ከነቃ በኋላም ለጊዜው ማስታወስ ሊያቅተው ይችላል። ያወራል፣ ይስቃል፣ ይበላል፤ የዛሬውን ግን ነገ አይዘውም። ይህን ለማወቅ ቴራፒስቷ በየጠዋቱ ትመጣለች፤ ካረን የምትባል ዝምተኛ ሴት ናት። ያለህበት ቦታ የት ነው? ወሩ ምንድን ነው? ትናንት ማን ሊጠይቅህ መጣ? ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ አንብቤ ልመልስ እችላለሁ። የመጨረሻውን ግን ሰሌዳ አይነግረኝም፤ ትክክል መሆን አለመሆኔን የምታውቀው ቤተሰቤን ጠይቃ ነው።

እኔም በየጠዋቱ፣ "እናቴና አባቴ" እላለሁ።

አልዋሸሁም። አይቼዋለሁ። አባቴ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካን ላጠ። ግራ እግሬን አሸልኝ። "አለህ?" አለኝ፤ "አለሁ" አልኩት። ከዚያ ሺፍት አለብኝ ብሎ ሄደ።

ካረን ወደ ሕይወት ዞረች። "አባቱ ትናንት መጥተው ነበር?"

ሕይወት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። "አዎ" አለች። "መጥቶ ነበር።"

ካረን ትክክል ብላ መዘገበች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያው ጥያቄና ያው መልስ ሆነ። ማስታወስ ችሏል ተባልኩ፤ ቁስሌም ስለ ደረቀ ከጠበቅነው ቀን ቀድመው አስወጡኝ።

ቤት ስገባ የለቅሶው ወንበር ተነስቶ፣ የአባቴ ፎቶ ከኮሞዲኖው ላይ ተሸሽጎ ነበር። ሕይወት፣ "አባዬ አዲስ አበባ ሄዷል፤ አጎታችን ታሞ ድንገት ተጠርቶ ነው" አለችኝ። ተናድጄ፣ ‘ሳልሰናበተው?’ እላለሁ ብለው ሁሉም ጠበቁ። እኔ ግን፣ "አዎ፣ ሆስፒታል መጥቶ ነግሮኛል" አልኩ። ባዶውን የሚሞላ መልስ ራሴ ሠራሁ፤ ሠርቼም አመንኩት። እናቴ ወደ ኩሽና ገባች።

የሚጥል በሽታ እንዳይነሳብኝ የሚከላከል ክኒን ታዞልኝ ነበር። ደህና ያስታውሳል የተባለ ሰው ክኒኑን ራሱ ይውጣል፣ ብቻውንም ይቀመጣል። እኔ አንዳንድ ቀን ደግሜ እውጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እተወዋለሁ፤ ውጫለሁ ብዬ ግን መማል እችል ነበር። አንድ ጠዋት እናቴና ሕይወት ሱቅ ደርሰን እንመጣለን ብለው ወጡ። የሄዱት ቤተ ክርስቲያን ነው። የአባቴ አርባ ነበር።

አውቶቡስ ላይ አባቴን አገኘዋለሁ ብዬ ይመስለኛል፣ ከቤት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ጣለኝ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ድምፅ ሰምተው ሲወጡ እየተንቀጠቀጥኩ ከደረጃው ሥር አገኙኝ። ጭንቅላቴ እንደገና ደማ፤ እንደገና ተቀደድኩ። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተመለሰልኝ ግራ እጄ በሁለተኛው ጊዜ ሞቶ ተነሳሁ።

ነቅቼ ዐይኔን ጨፍኜ እንደ ተኛሁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ንግግር ሰማሁ። ሐኪሙ፣ "ሲወጣ በደንብ ያስታውስ ነበር ተብሎ ተመዝግቧል። ሊጠይቁት የመጡትን ሁሉ በየቀኑ በትክክል ተናግሯል" አለ። ነገሩ አልገጠመለትም።

"አልነበረም" አለች ሕይወት።

"ምኑ?"

"አባታችን አልመጣም። አንድም ቀን አልመጣም። ብሩክ በተቀደደ በማግስቱ ሞተ። እኔ ነኝ መጥቶ ነበር ያልኩት። እንዴት ብዬ እሱ ፊት አልመጣም ልበል?" ከዚያ ልቅሶዋ መጣ።

የአባቴን መርዶ እንዲህ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ለሌላ ሰው ሲነገር። አላለቀስኩም። በእንግሊዝኛ የሰማሁትን እንዴት እንደማለቅሰው አላወቅሁበትም።

እዚያው አብራቸው የነበረችው ካረን አልተቆጣችም። ለሕይወት ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ውሃ ሰጠቻትና፣ "ለእሱ ያልነገራችሁት ገብቶኛል። ለእኔ ግን ኮሪደር ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ ቶሎ እንዳይወጣ አደርግ ነበር" አለቻት። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። መርዶውን ከበሽተኛው ሰውሩ፣ ወጋችን ነው፤ ከሚያክመው ሰው ግን አትሰውሩ። ኮሪደር ለዚህ ነው የተሠራው።

እህቴን ለብዙ ጊዜ አላናገርኳትም። ምግብ ታመጣለች፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣ አልሄድ አለች።

"ካረን የመጀመሪያ ቀን ስትጠይቀኝ የቀብሩ ማግስት ነበር" አለች። "ጫማዬ ላይ ጭቃው አለ። እግሬን ከወንበሩ ሥር ደብቄ፣ ‘መጥቶ ነበር’ አልኩ። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር፣ ብሩኬ። ብርቱካን አጎረሰኝ እያልክ ስትስቅ፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ እውነት መሰለኝ።"

ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት፤ ግራው አይዘረጋም ነበር።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ወርቁና የሰበካው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ ከኋላቸው ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፣ አሁን መታጠቢያ ቤት መግባት አላስፈለጋትም።

"ጋሽ ወርቁ፣ አውቄዋለሁ እኮ። ለምን ደከሙ?" አልኳቸው።

"ማወቅህን እናውቃለን ልጄ" አሉኝ። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "ግን ሰምተህ ነው እንጂ ተነግሮህ አይደለም። አባትህ ሰው ነበር፤ መርዶው ከመጋረጃ ጀርባ አይቀርም። ብሩክ፣ አባትህ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናህ።"

ያኔ አለቀስኩ። እናቴ እንዳትሰማኝ ብዬ አልያዝኩም፤ እሷም አልያዘችም። ጎረቤቶች ነቁ፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ሻይ አፍልተው ይዘው መጡ። ለእኔ የዳንኩበት ቀን ይሄ ነው፤ ሐኪሞቹ ሌላ ቀን ይቆጥራሉ።

ሐኪሙ ራስ የሚነካ ጨዋታ በዚህች ምድር ለእኔ አበቃ አለኝ። የጀርመኑ ክለብ ደግ ቃል ጻፈልኝ። ዴሪክ ማልያዬን ሌላ ሰው እንደማይለብሰው ሊነግረኝ መጥቶ እሱ ራሱ ሲያለቅስ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ሜዳው በሕልሜ ይመጣብኛል፤ ቀዳዳው ይከፈታል፣ እሮጣለሁ፣ ከመስመሩ ጀርባ ጃንጥላ ይታየኛል። ስነቃ ደረቴን ያቃጥለኛል፤ ለምጄዋለሁ ብል እዋሻችኋለሁ። ፀጉር ቆራጩ ፎቶዬን መልሶ ልስቀለው ወይ ብሎ እናቴን አስፈቀደ። "ስቀለው፤ የሚበላውን በልቶ ጨርሷል" አለችው።

ግራ እጄን የሚያሠሩኝ በላስቲክ ኳስ ነበር፤ ኳስ አስጠላኝና በብርቱካን ይሁን አልኩ። መጀመሪያ ይወድቃል፣ ቆይቶ ይጨመቃል፣ ከብዙ ወር በኋላ ልጣጩ ተላቀቀ። ያን ቀን እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አዞረችው።

አንድ ነገር ግን አልለቅ አለኝ። አባቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጠበት ቀን። መሞቱን አውቄ፣ መርዶዬን በወጉ ተቀብዬ፣ መቃብሩ ላይ ቆሜም እንኳ ያ ቀን አልጠፋም። ካረንን ተከራከርኳት። ጃኬቱን፣ ብርቱካኑን፣ እግሬን ማሸቱን ነገርኳት።

"እነዚህን ሌላ ቦታ አላየሃቸውም?" አለችኝ።

ተራ መጠበቂያው ውስጥ አይቻቸዋለሁ። የተጎዳ አንጎል ባዶ ቦታ ሲያገኝ ከነበረው ቆርጦ ይለጥፋል አለችኝ። "የመጣውን ካልመጣው መለየት ስትችል ያኔ ደህና ሆንክ እላለሁ።" ሰው ሕመሙ ሲለቀው ደስ ይለዋል። እኔ ሕመሜ ከለቀቀኝ አባቴ ያን አልጋ ጠርዝ ለቆ ሊነሳ ነው። ወራት ሙሉ፣ አልመጣም እያልኩ ራሴን አስተማርኩ፤ ባልኩ ቁጥርም እንደገና ቀበርኩት።

ባለፈው ጸደይ ለመጨረሻ ምርመራ ሄድኩ። ሕይወት አብራኝ ገባች፤ ምንም ላለመመለስ ቃል አስገብቻት ከንፈሯን ነክሳ ከጎኔ ተቀመጠች። ካረን ብዙ ጠየቀችኝና በመጨረሻ ወረቀቷን አስቀምጣ አየችኝ።

"መጀመሪያ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ፣ ማን ማን ሊጠይቅህ መጣ?"

"እናቴ። ሕይወት። አሠልጣኜ ዴሪክ።"

"አባትህስ?"

ቡናማው ጃኬት መጣብኝ። የብርቱካኑ ሽታም መጣ። እህቴ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ።

"አልመጣም" አልኩ። "እየመጣ ነበር።"

ካረን ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች። ሕይወት እጄን ያዘችኝ፤ ግራውን ነው የያዘችው። ጨበጥኳት።